ለጀማሪ ተኳሽ የሚበቃ ዕቃ

አርባን ያለፈ ሰው የሚገዛው ነገር ይታወቃል አይደል? የማንበቢያ መነጽር፣ ሰፋ ያለ ጫማ፣ ለወገብ የሚሆን ትራስ። እኔ ግን ያን ሰሞን ከካዛንቺስ ኡራኤል፣ ከኡራኤል ካዛንቺስ የምመላለሰው ለውጊያ የሚሆን የጉልበት መከላከያ ፍለጋ ነበር። አትሳቁ እንጂ። ደግሞ ምን ታደርጉ፣ እኔም ራሴን በሱቅ መስታወት ሳየው ሳቄ ይመጣ ነበር።

ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ ነው። የምሠራበት ድርጅት ስሙ ይቅርብኝ፣ እንጀራዬ ነው። ዕቃ አስመጥተን እንሸጣለን፣ በቃ። ቢሯችን ካዛንቺስ ነበር። «ነበር» የምለው ሕንፃው ስለፈረሰ ነው። ካዛንቺስ ላይ አሁን «ነበር» የማይባልለት ነገር ጥቂት ነው። ምሳ የምንበላበት ቤት ነበር፣ ጫማ የምናስጠርግበት ጥግ ነበር፣ ደሞዝ ሲዘገይ በዱቤ ማኪያቶ የሚሰጠን ሰውዬ ነበር። እና ሕንፃው ሊፈርስ ነው ሲባል እኛም ለሁለት ልንከፈል ሆነ። ጥቂቶቻችን ኡራኤል የተከራየነው ቢሮ ልንገባ፣ የቀረነው ቱሉ ዲምቱ መጋዘኑ አጠገብ ልንሄድ። ቱሉ ዲምቱ ሰው ይኖርበታል፣ ጥሩ አገር ነው፣ ምንም አልልም። ግን ጠዋት የታክሲውን ሰልፍ ጨርሳችሁ እዚያ ስትደርሱ የቀኑ ጉልበት አልቋል።

እኔ ደግሞ ልጅ አለችኝ። ሶልያና ትባላለች፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷ ከኡራኤል ብዙም አይርቅም። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ጎተራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ የሚያድረው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ልጅቷን የማደርሰው እኔ፣ የማወጣው እኔ፣ ማታ ቢሮ ጥግ አስቀምጬ የቤት ሥራዋን የማሠራት እኔ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ከተመደብኩ ይህ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሹመት አላማረኝም፣ ጭማሪም አልጠየቅኩም። ኡራኤል ቢተዉኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ማን ኡራኤል እንደሚቀር የሚወስኑት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥልጠና የሚወዱ ሰው ናቸው እንጂ። ከእያንዳንዱ ሥልጠና አንድ አንድ ቃል ይዘው ይመጣሉ፣ ቃሉም እስኪያረጅ ድረስ እኛ ላይ ይኖራል። አንድ ሰሞን «ቪዥን» ነበር። ቪዥን የሌለው ሰው ሻይ እንኳ በሰላም አይጠጣም ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ «ቲም ስፒሪት» ሆነ። ሰበሰቡንና፣ ቅዳሜ ሙሉ ቢሮው ከከተማ ወጣ ብሎ ኤርሶፍት እንደሚጫወት፣ ማን የቡድን መንፈስ እንዳለው እዚያ እንደሚያዩ፣ ምደባውም ሰኞ እንደሚነገር አስታወቁን።

ኤርሶፍት ምንድነው አትሉኝም? እኔም አላልኩም። ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ እኔም ነቀነቅኩ። በኋላ ስልኬ ላይ ፈልጌ ሳየው፣ ለካ ጠመንጃ የሚመስል ዕቃ ይዞ፣ ከምስር ተለቅ ከሽምብራ አነስ ያለች የፕላስቲክ ፍሬ እየተኮሱ መሯሯጥ ነው። ፍሬዋ ቀለም የላትም፣ ልብስ ላይ ምልክት አትተውም። ታዲያ ማን እንደተመታ በምን ይታወቃል? የተመታው ሰው ራሱ እጁን ያነሣና «ተመታሁ» ብሎ ከሜዳ ይወጣል። ሌላ ዳኛ የለውም፣ የሰው እውነት ብቻ ነው። ይህን ጨዋታ የፈጠረው ሰው አንድ ቀን እንኳ እኛ ቢሮ ገብቶ ቢያውቅ ሐሳቡን ይቀይር ነበር ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ የዕቃው ነገር ተነሣ። ያነሣው ፍቃዱ ነው። ፍቃዱ የግዢ ክፍል ባልደረባችን ሲሆን፣ አቶ ጌታሁን ሲያነጥሱ «ይማርዎት» የሚለው ገና አፍንጫቸውን ሲያሳክካቸው ነው። ዱባይ ያለ ዘመዱ ሙሉ ትጥቅ እንደላከለት ነገረን። ሄልሜት፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት፣ የፊት ጭንብል፣ ኪሱ የማያልቅ ሰደርያ፣ በዚያ ላይ ሬንጀር ልብስ፣ ያ የወታደሩ ዝንጉርጉር። ሙሉ ትጥቅ ሳይዙ መምጣት ለድርጅቱ ያለንን ግምት ያሳያል ሲል አከለ። ይህን ያለው የአቶ ጌታሁን በር ገርበብ ብሎ ሳለ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ቢሮው ሁሉ ትጥቅ ፍለጋ ወጣ።

እኔም ስልኬን ከፍቼ «ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ዕቃ» የሚል ቪዲዮ አየሁ። አንድ ጺማም ፈረንጅ ጠረጴዛ ሙሉ ዕቃ ዘርግቶ፣ ይህ ለጀማሪ ነው፣ ይህም ለጀማሪ ነው፣ ይላል። የጀማሪ ዕቃው ሲደመር የእኛን ኪራይ ያስከነዳል። ማለቴ፣ ጀማሪው ይህን ካወጣ የለመደው ሰው ምን ሊገዛ ነው፣ ታንክ?

ከዚህ ጉድ ያወጣችኝ ሙኒራ ናት። ሙኒራ ጠረጴዛዋ ከእኔ ጎን ነው፣ ቤተሰቦቿ መርካቶ ሱቅ አላቸው፣ እሷም ዕቃ ስታይ ልቧ ቶሎ አይሸፍትም። ጠመንጃ አትግዢ አለችኝ። ጠመንጃውን የምንጫወትበት ግቢ ራሱ ያከራያል፣ ከአጥሩም አያስወጣም። ደግሞስ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በፌስታል ይዘሽ ፍተሻ ላይ ቆመሽ «መጫወቻ ነው» ብትይ ማን ይሰማሻል? ገንዘብሽን መጀመሪያ ለዓይንሽ፣ ቀጥሎ ለእግርሽ አውጪ፣ ሌላው ሁሉ ለፎቶ ነው አለችኝ። እስከዛሬ ስለዚህ ጨዋታ የሰማሁት ቁም ነገር ይኸው ብቻ ነው። ጀማሪ የሆናችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ብታቆሙም አትጎዱም።

እንግዲህ ለዓይን ብዬ ኡራኤል ያለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ግራይንደር የሚይዙ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ዙሪያውን ዝግ የሆነ መነጽር አየሁና ጠየቅኩ። ባለሱቁ ለምን ሥራ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንግዲህ አንዲት የልጅ እናት፣ ነጠላ ለብሳ፣ «ለተኩስ ነው» ትበል? ቤት እያስገነባሁ ነው አልኩት። ለሠራተኞቹ ከሆነ ብዛት ላይ ይቀንስልኛል አለ። ለራሴ ነው አልኩ። «እርስዎ ነዎት የሚቆርጡት?» ብሎ አየኝ። አዎ አልኩ፣ ምን ላድርግ። የጉልበት መከላከያም አለህ ወይ ስለው ሴራሚክ ነጣፊዎች የሚያስሩትን አወጣልኝ። በዚህ ጊዜ ሰውዬው በአክብሮት ተነሣ፤ ባሏ ጥሏት ብቻዋን ቤት የምትሠራ ጀግና አድርጎኝ ቁጭ። ወንበር አቀረበልኝ፣ የሴራሚክ ናሙና ዘረጋልኝ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቀለም እንድመርጥ መከረኝ። የሌለኝን መታጠቢያ ቤት ቀለም መርጬ ወጣሁ። እስከዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ቤቱ ከምን ደረሰ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ጣሪያ ላይ ነን እለዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የድርጅቱ አውቶቡስ ካዛንቺስ ቆሞ ጠበቀን። እኔ የግራይንደር መነጽር፣ የነጣፊ ጉልበት፣ የባለቤቴ ጃኬት። ሙኒራ ረጅም ቀሚሷን ከስፖርት ሱሪ ላይ ደርባ፣ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከእኔ የባሰ ርካሽ መነጽር ይዛ። ሁሉም መጣ፣ ፍቃዱ የለም። ብንደውል አያነሣም። ለካ ሰውዬው ሬንጀሩን ግጥም አድርጎ፣ ሄልሜቱን ደፍቶ፣ በእግሩ ሲመጣ መንገድ ላይ ፖሊሶች አስቁመውት ኖሯል። ወታደር ያልሆነ ሰው ያን ልብስ እንደማይለብስ ልጄ ሶልያና እንኳ ታውቃለች፣ ግን ፍቃዱ አለቃውን እያሰበ ነበር። የትኛው ክፍል ነህ ቢሉት፣ ደንግጦ፣ የግዢ ክፍል ነኝ አላቸው። ደግነቱ ሳቅ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ መታወቂያውን አይተው፣ መክረው፣ ልብሱን ቤቱ ሄዶ እንዲቀይር ለቀቁት። ሲደርስ ከሰደርያው ሥር የለበሰው የሚዜነት ሱሪውን ነበር፣ መስመሩ ያልጠፋ፣ የሚያብለጨልጭ።

ግቢው ውስጥ የተቀበለችን ቤዛ የምትባል አሰልጣኝ ናት። ዕቃችንን አንድ በአንድ አየች። የእኔን መነጽር በጣቷ ቆርቆር አደረገችና ለዓይን ይበቃል፣ ግን ነፋስ የሚያስገባበት ቀዳዳ ስለሌለው ጉም ይይዝብሻል፣ ውስጡን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባ አድርጊው አለችኝ። ሳሙናው እዚያው በብልቃጥ ነበር። ፍቃዱ ግን ይህን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሰናይት፣ ከወጥ ቤት ነው የመጣሽው?» ብሎ ሳቀ፣ ሰውም አብሮት ሳቀ። እኔም እልህ ያዘኝና አያስፈልገኝም አልኩ። ጀማሪ ሆናችሁ ሳሙና ስትባሉ ተቀቡ፣ እልህ መነጽር አያጠራም።

ቤዛ ስለ ጠመንጃው ስታስረዳ አቶ ጌታሁን ስልክ ላይ ነበሩ። ረጅም ስልክ። እሷም ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየቻቸው፣ እኛ ደግሞ ዝም በያቸው በሚል ዓይን እሷን አየናት። ፍሬ የተሞሉት መያዣዎች በዚህ በኩል ናቸው፣ ባዶዎቹ በዚያ በኩል፣ ጠመንጃው ሞተር ስላለው ፍሬ ባይኖረውም ድምፁ ያው ነው፣ ስለዚህ አስተውሉ፣ ብላ ጨረሰች። አቶ ጌታሁን ስልካቸውን ዘግተው መጡና፣ ከዚያ በኩል አንዱን አንሥተው ሰኩ። ቤዛ የሌላ ሰው ጭንብል እያሰረች ነበር፣ አላየችም። እኛ ያየን እንደሆነም እንጃ። ያየ ሰው ካለ አልተናገረም።

ከዚያ በዕጣ ለሁለት ተከፈልን። ሙኒራ ከአቶ ጌታሁን ጋር ሆነች። እኔና ፍቃዱ ተቃራኒው ቡድን ደረሰን። የፍቃዱን ፊት ብታዩት፣ ከሥራ የተባረረ ነበር የሚመስለው። ለመቀየር ሞከረ፣ ቤዛ እንቢ አለች። ከዚያ ወደ አቶ ጌታሁን ሄዶ ጎንበስ አለና አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቃቸው። ገና ሳይተኮስ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሰው ሁሉ ከዛፍ ከበርሜል ሥር ይሽሎከለካል። አቶ ጌታሁን ግን በሜዳው መሐል ቀጥ ብለው፣ መጋዘን እንደሚጎበኝ ሰው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ከእኛ ቡድን አንድም ሰው ወደ እሳቸው አላነጣጠረም፤ አጠገባቸው ያለውን ባሕር ዛፍ ግን ስንቱ ደበደበው። እሳቸው አፈሙዙን ወደ ሒሳብ ሹማችን መለስ አድርገው ጠጠጠጠ አደረጉ። የሒሳብ ሹሟ እጇን አነሣች። ወደ ስቶር ኃላፊው ዞሩ፣ ጠጠጠጠ። ስቶር ኃላፊው እጁን አነሣ። ፍቃዱጋ ሲደርሱማ ገና ሳይዞሩ ወደቀ። ደረቱን ይዞ፣ በሚዜነት ሱሪው ሣሩ ላይ ተንከባለለና «አቶ ጌታሁን፣ ጨረሱኝ!» አለ። የቡድናችን ሰው እየተነሣ ወደ ማረፊያው ጥላ ሄደ፣ ለስላሳ ተሰጠው፣ ተቀመጠ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በጊዜው ከአሮጌ ጎማ ክምር ኋላ ተንበርክኬ ነበር፣ መነጽሬም በላቤና በትንፋሼ ተሸፍኖ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ሆኗል። መነጽር ሜዳ ላይ ማንሣት ክልክል ነው። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ለእኔ ነጭ ነበር።

ከነጩ ውስጥ አንድ ወፈር ያለ ጥላ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ጠጠጠጠ አለ። ጠበቅኩ፣ ምንም የነካኝ የለም። ከሹፌሮቹ አንዱ መሰለኝ።

«አንተ፣ አልነካኸኝም» አልኩት።

ደገመ። አሁንም ምንም። ጥላው ግን ይጠብቃል፣ እንድወድቅለት። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ጉልበቴን አሞኛል፣ ልጄን ለጎረቤት ጥዬ መጥቻለሁ፣ ይህ ደግሞ ባዶውን ፊቴ ይንጣጣል።

«ስማ እንጂ፣ ባዶ ነው የያዝከው። ሂድና ሙላ!» አልኩና፣ እስኪሄድም አልጠበቅኩ፣ ሆዱ ላይ ለቀቅኩበት።

ጥላው «እህ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በስብሰባ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ወይዘሮ ሰናይት» አሉ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ቤዛ ፊሽካ ነፍታ ሮጣ መጣች። እውነት ባዶ ነው ወይ ብላ ጠመንጃቸውን ተቀበለች፣ መያዣውን ነቀለች፣ ወደ ላይ ይዛ አየችው። ሥራዋን እንደምትሠራ ሰው፣ ምንም ክፋት ሳይኖራት፣ ጮክ ብላ፣ «ይኼ እኮ ከመጀመሪያውም ፍሬ አልነበረበትም» አለች።

ማረፊያው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሟቾች ሁሉ ሰሙ። ለስላሳ መጠጣት ቆመ። የሚገርማችሁ፣ እያንዳንዱ እሱ ብቻ የዋሸ መስሎት ነበር። የሒሳብ ሹሟ ስቶር ኃላፊውን አየች፣ ስቶር ኃላፊው ጫማውን አየ። ፍቃዱ ብቻ ደረቱን እያሻሸ፣ ነፋሱም ቢሆን ይመታል አለ።

አቶ ጌታሁን ጠመንጃውን ለቤዛ ትተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሙኒራ ብቻ ናት። ሶልያናን እያሰብኩ እንባዬ መጣ። ማን ያወጣታል? ቱሉ ዲምቱ ሆኜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ታየኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ ሙኒራን ጠየቅኳት። ሙኒራ ሐሰት አታውቅም። እወድቅ ነበራ፣ ሜዳው ሣር ነው አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። በሩን እንድዘጋ ነገሩኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ ሲታዘዝልኝ የባሰ ፈራሁ።

«ሰናይት፣ ቅዳሜ ትልቅ ነገር ነው የተማርኩት» አሉኝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔም አንቺን የመሰለ ሰው ነው የምፈልገው።»

ልቤ ተመለሰ። ኡራኤል አልኩ በሆዴ፣ ተመስገን። ለካ እውነት መናገርም ያዋጣል፣ እኔ ነኝ እንጂ ዓለምን የማላውቃት።

«ስለዚህ የቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ አድርጌሻለሁ» አሉኝ።

ክው አልኩ። ልነግራቸው ነበር። ልጅ አለችኝ፣ ባሌ ጅቡቲ ነው፣ ሹመቱን ለፈለገው ይስጡልኝ፣ እኔን ኡራኤል ይተዉኝ፣ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቅዳሜ «አንተ» ብዬ ሆዳቸው ላይ የተኮስኩ ሴት እኮ ነኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ» ነው። ጎንበስም ብያለሁ። በባዶ ጠመንጃ የወደቀ ሰው ላይ ስስቅ ሰንብቼ፣ እኔ ያለ ጠመንጃ ወደቅኩ።

ኡራኤል እነማን ቀሩ? የወደቁት ናቸዋ። አቶ ጌታሁን ከእንግዲህ እውነት የሚናገር ሰው እንደሚፈልጉ በስብሰባ ሲናገሩ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ልክ ነዎት አላቸው አሉ። ፍቃዱ አሁን ምክትላቸው ነው። ሙኒራም እዚያው ናት፣ ሶልያናን ከትምህርት ቤት የምታወጣልኝ እሷ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ማታ ልቀበላት ስሄድ ልጄ ስለ ቀኗ የምትነግረውን ለሙኒራ ነግራ ጨርሳለች፣ ለእኔ የምትደግመው በግማሽ ልብ ነው። ይህ ያመኛል፣ አልዋሽም።

እንግዲህ ኃላፊ ሆኜ ቱሉ ዲምቱ በገባሁ በመጀመሪያው ስብሰባ ሰው እንዲለቀቅ ብዬ አንድ ቀልድ ነገርኳቸው። ቀልዱ አያስቅም። እየጀመርኩት ሳለ እንደማያስቅ ገባኝ፣ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። ስጨርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ እንባውን ጠረገ፣ አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ፣ አንዱ ደግሞ በሞቴ ይድገሙልን አለኝ። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ምን ይደረግ፣ ደስ ይላል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ዝም ብላ ታየኛለች። ደፋር ናት፣ ወደድኳት፣ ስሟን ጠየቅኩ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ጌታሁን ደውለው፣ ሞጆ ለምንከፍተው መጋዘን እውነት የምትናገር፣ ጠንካራ ሰው ካለችሽ አሉኝ። የልጅቷን ስም ሰጠኋቸው።